በአንድ ጨርቅ የታሰሩ መጻሕፍት

ብዙ ሰው ያስቀየምኩ ሰው አይደለሁም። ደግ ስለሆንኩ ሳይሆን ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ፈሪ አፉን ከፍቶ አያስቀይምም። ዝም ብሎ ግን ያስቀይማል። ይህን የተማርኩት ጎንደር ላይ፣ ከአንድ ሕንድ መምህርና ከሚስቱ ነው።

ከጣሊያን በኋላ ትምህርት ቤት በየቦታው ሲከፈት መምህር ጠፋ፤ መንግሥትም ሕንዶችን አስመጣ። ወዳጄ ከነዚያ አንዱ ነበር፣ ሒሳብ ያስተምራል። እኔ ደግሞ ከቅኔ ቤት ወጥቼ እዚያው አማርኛ አስተምር ነበር። ሁለታችንም ከሠላሳ ብዙ አልዘለልንም፤ የተከራየነውም በአንድ ግቢ፣ ጎን ለጎን ነው። እሱ ጢሙን አይላጭም፣ ጠጉሩን አይቆረጥም፣ ጥምጥም ይጠመጥማል። ገበያ ሲወጣ ከወገራ የመጡ ባላገሮች ቄስ መስሏቸው «ይፍቱኝ አባ» ይሉታል። የአዲስ ዓለም ሰፈር እስላሞች ደግሞ የእነሱ ሰው መስሏቸው ሰላምታ ይሰጡታል። እሱ ለሁሉም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። «ሁሉንም ላስተባብል ብል ሳልገበያይ ይመሽብኛል» ይለኝ ነበር።

እሱ እስላምም ክርስቲያንም አይደለም፤ ሲክ ነው። የእነሱ ሃይማኖት የሚያርፈው በመጽሐፋቸው ላይ ነው። እንደኛ ዳዊት ተደግሞ ማኅደሩ ውስጥ የሚገባ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ለእነሱ ሕያው መምህር ነው። በክፍላቸው ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ሁለት ጥራዝ ሆኖ፣ በሐር ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት ታጥበው፣ ጫማ አውልቀው፣ ራሳቸውን ሸፍነው ገልጠው ያነባሉ። ማታ መልሰው ይሸፍኑታል። በፊቱ መዋሸት ንጉሥ ፊት ከመዋሸት ይብሳል አለኝ አንድ ቀን፤ እኔም ሰምቼ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚህ ሌላ አንድ ደብተር ነበረው። በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠረው የመንደሩ እስላም መምህር በእጁ የጻፈለት፣ የሱፊዎች፣ የእስላም መናንያን ግጥም ነው። አገራቸው በሃይማኖት ለሁለት ስትከፈል መምህሩ ወዲያ ማዶ ቀረ፣ እነሱ ወዲህ ተሰደዱ፤ ከዚያ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። በዚያው ሰሞን የሚስቱ ሁለት ወንድሞች በእስላሞች እጅ ተገደሉ። «በኛም ወገን እጅ የሞተ እስላም ብዙ ነው» ብሎኛል እሱ፣ ሚስቱ በሌለችበት። ደብተሩ የተጻፈው ዓረብኛ በሚመስል ፊደል ነው። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ስታየው ግን ፊቷ ይጠቁራል።

እኔ ግራ የገባኝ ነገር ነበር። አንድ ከሰዓት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን፣ «በመጽሐፋችሁ ውስጥ የእስላም ቃል የለም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አለ እንጂ» አለኝ። «የአንድ ጥንታዊ እስላም መናኝ ግጥም ገብቶበታል። ያስገቡት መጽሐፉን የሰበሰቡት አባቶች ናቸው። እሷ እሱን ስታነብ ታለቅሳለች።»

ሚስቱ ከገበያ ሴቶች በለቀመችው አማርኛ ከውስጥ መለሰችልኝ። «እሱ ገባ። አባቶች አስገቡት፣ የኛ ሆነ። ይህ ደብተር ደጅ ቀረ። ደጅ የቀረ ደጅ ይደር።»

«በሩን የከፈቱት አባቶች ናቸው» አላት ባሏ። «የዘጋው ማን ነው?»

«ወንድሞቼ» አለች።



ኋላ ብቻችንን ስንሆን ነገሩን አፍታታልኝ። ከእነሱ ሰው ሁለቱንም የሚያነብ አለ፤ አያቱ ራሱ ጠዋት መጽሐፉን፣ ከሰዓት የሱፊውን ግጥም ይል ነበር። ግጥሙ ሸጋ ነው፣ ከመጽሐፉ ጎን ግን ማንም አይቀመጥም የሚልም አለ። ጭራሹን ቤቴ አይግባ የሚልም አለ። «እኔ እንደ አያቴ ነኝ» አለኝ፤ «እሷን ግን በክርክር አልረታትም። ሁለት ወንድም ቀብራ የመጣችን ሴት በምን አፌ?» ደብተሩንም እኔ ቤት አኖርኩለት።

ከሰዓት በኋላ እየመጣ ያነብልኛል። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ይፈታልኛል፤ እኔ የአንገቴን ማተብ እየነካካሁ አዳምጣለሁ። ፈጣሪውን እንደ ሸሸ ወዳጅ የሚለምን ግጥም ነው፤ ደስ ይለኝና ደስ ማለቱ ያስፈራኛል። እኛ ከእስላም ጋር ሥጋ አንበላም፣ ቢላችን ለየብቻ ነው። የቅኔ መምህሩ አባቴ ግን ከአዲስ ዓለም በኩል መንዙማ ሲሰማ ቆም ብሎ፣ «ዜማውስ ሸጋ ነበር፤ ምን ያደርጋል» ብሎ ያልፍ ነበር። ይህ ከአባቴ በኩል ትልቅ ቸርነት ነው።

አንድ ቀን ሚስትየው በረንዳ ላይ ምስር ስትለቅም ስታንጎራጉር ሰማሁ። ባሏ እኔ ቤት የሚያዜመው ያው ግጥም ነው! ብነግረው ሳቀ። «እናቷ ጥጥ ስትፈትል ትለው ነበር። የማን ግጥም እንደሆነ የነገራት የለም፤ አንተም እንዳትነግራት።»

አልነገርኳትም። ነገር ግን ልቤ ውስጥ የማይረባ ሽማግሌ ተነሣ፤ እነዚህን ሰዎች እኔ አስታርቃቸዋለሁ አልኩ። ማንም አልላከኝም።

ሰኔ ላይ ባልየው ፈተና እንዲቆጣጠር ደባርቅ ተላከ። እሷን ትኩሳት ይዟት ሐኪም ቤት ስትሄድ ቁልፉን ለኔ ተወችልኝ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና ቆርቆሮው ያፈስ ጀመር። ከፍቼ ስገባ ውኃው በቀጥታ መጽሐፉ ላይ ይንጠባጠባል። እጄን ታጠብኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ጋቢዬን ተከናነብኩ፤ ሁለቱንም ጥራዝ አውርጄ ደረቅ ጥግ፣ ሣጥን ላይ አኖርኳቸው። ሐሩ ርሶ ስለነበር ንጹሕ ነጠላ ላመጣ ቤቴ ገባሁ። ደብተሩ እዚያ መደርደሪያ ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

አባቴ «መጽሐፍ ብቻውን አይደር» የሚል ሰው ነበር። በእኛ ቤት ዳዊቱ፣ ውዳሴ ማርያሙ፣ መልክአ መልኩ ሁሉ በአንድ ማኅደር ነው የሚያድር። ደብተሩን አነሣሁና ከጥራዞቹ ላይ አጋደምኩት። በነጠላው ጠቀለልኩ፤ አባቴ እንዳስተማረኝ ጠርዙን ሦስት ዙር አዙሬ፣ ጫፉን መስቀል አድርጌ ቋጠርኩ። ከእርጥበት ላድነው ብዬ ነው ብዬ ብዙ ዘመን ለራሴ ነግሬያለሁ። ውሸት ነው። አንድ ላይ ቢያድሩ ሰዎቹም ይታረቃሉ ብዬ ነው።

እሷ ስትመለስ መጽሐፉን ከዝናብ እንዳነሣሁ ነገርኳት፤ መረቀችኝ። ባልየውም አመሻሽ ላይ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ለንባብ ሲፈቱት ድምፅዋን ሰማሁ፤ ጠራችኝ። ሁለቱም ራሳቸውን ሸፍነው ቆመዋል። ነጠላው ተፈቷል፣ ደብተሩ መስኮቱ ላይ ነው።

«ማን?» አለች፤ እሱንም እኔንም አየችን።

«እኔ ያነሣሁት መጽሐፉን ብቻ ነው፣ እመይቴ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔንም ገረመኝ።

ባልየው አየኝ። ውሸቴን እንድመልስ እየጠበቀኝ ነበር፤ አውቄዋለሁ። የክፍሉን የጭቃ ወለል እያየሁ ቆምኩ። ያን ጊዜ ወደ ሚስቱ ዞረና፣ «እኔ ነኝ። ትናንት ማታ ነው ያስገባሁት» አላት። መጽሐፉ ከፊታችን ተገልጦ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ባልየው ከመጽሐፉ አላነበበም። ጠዋት እሷ ስታነብ እሱ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ይሰማል፤ በግድግዳው በኩል የእሷ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። ደብተሩን እሷ ወሰደችው። ወደኔ መምጣቱንም ተወ። ትምህርት ቤት ስንገናኝ እንደ ወትሮው ይስቃል፣ እጄን ይጨብጣል፤ ነገሩን አንድ ቀንም አላነሣብኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ከጾሙ በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ እያልኩ ዓመት አለፈ። ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ፤ «ምነው ለኔ? ሂድና ለባለቤቶቹ ተናገር» ብለው መለሱኝ። ለመናገር ደፍ ላይ የደረስኩበት ቀን አለ። እንዴት አደራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ሐምሌ ውላቸው አለቀና ሊሄዱ ሆነ። ልሸኛቸው ማኪና ተራ ወረድኩ። ባልየው ገብቶ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል፤ ሚስትየው ግን ከደጅ ቆየችኝ።

«ቋጠሮው ያንተ ነው» አለችኝ። «ሦስት ዙር፣ ከዚያ መስቀል። በዚህ አገር ነው እንዲህ የሚያስሩ። ያን ቀን በእጄ የፈታሁት እኔ ነኝ። ከአንተ በኋላ ማንም አልነካውም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ታዲያ እርስዎ ምነው ዝም አሉ?» አልኳት።

«አውቃለሁ ብዬ ለእሱ ብነግረው ውሸታም ማለቴ ነው። በመጽሐፉ ፊት ዋሸህ ማለቴ ነው። እሱም ያንተን ነገር አያወጣም። ስለዚህ አንተን ጠበቅሁ። ዓመት ጠበቅሁ። አንተ እውነቱን ነገርኳት ካልከው ውሸቱ ከላዩ ይወርዳል፤ እሱ ነጻ ነው፣ ያነባል።»

ቦርሳዋን ከፈት አደረገችው። ደብተሩ ውስጥ ነበር።

«ከመጽሐፉ ጋር አይደለም» አለች። «ከኔ ጋር ነው። አሁን ሂድ፣ ንገረው።»

እሺ አልኳት። ማኪናው ጋ ለመድረስ አሥር እርምጃ አይሞላም። እሱ እንዳየኝ በመስኮቱ ጎንበስ አለልኝ፤ እጁንም ሰጠኝ። እጁን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሁለት ቃል ነው የሚፈለገው፤ እውነቱን ነገርኳት ማለት ብቻ።

«ጠዳ ላይ መንገዱ ጭቃ ነው ይላሉ» አልኩት። «ሾፌሩ ይጠንቀቅ።»

ያን ጠዋት እንዳየኝ አየኝ። «እሺ ወንድሜ» አለኝ።

እሷ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ ሰምታኛለች። ቦርሳዋን ዘጋችና አልፋኝ ተሳፈረች።