ለልጅቷ ወኪል ፍለጋ

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ቢሆንም የሰው አነጋገር ማስመሰል ታውቅበታለች። ደንበኞች «ይቺ ልጅማ ፊልም መሥራት አለባት» እያሉ ቢወተውቷት፣ እናት የፊልም ሥራ የሚያገኝላት ወኪል ፍለጋ ወጣች።

የመጀመሪያው ሰውዬ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት «ኮከብ ነች!» አለ። ፎቶ ላንሳት ብሎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲወስዳት እናትም ተነሳች።

«እርስዎ እዚሁ ይጠብቁ፤ ልጆች እናታቸው ፊት ያፍራሉ።»

«የኔዋ እኔ ፊት ነው የማታፍረው» አለችና የልጇን እጅ ይዛ ውልቅ ብላ ወጣች።

ከአንድ ጎማ ጥገና ቤት በላይ ቢሮ ያላት ሁለተኛዋ ወኪል ግን ልጅቷን አጫውታ፣ በማስመሰሏም ስቃ ስታበቃ፣ «አንቺስ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

«እፈልጋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ግን አልቀርም።»

«እንግዲያው የእረፍት ቀን ሥራ ብቻ እንፈልጋለና።» ወደ እናት ዞራም፣ «ዛሬ አይወስኑ፤ መጀመሪያ አብረውኝ የሚሠሩ ወላጆችን ያነጋግሩ» አለች።

እናት ለአንድ አባት ደወለች። «አንዴ ለልጄ የማይሆን ሥራ መጥቶ፣ እኔ ልስማማ ስል ወኪሏ ናት እምቢ ያለችው» አላት። በዚህ ልቧ አረፈ።

ልጅቷ ለሳሙና ማስታወቂያ ስትቀረጽ፣ እናት ከካሜራው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የደንበኛ ልብስ ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር።