ግራና ከተማ ሠርግ ላይ የቀረው መሶብ

ቅዳሜ ንጋት፣ ወልድያ

ገና ሲነጋጋ ከቤት ወጣሁ። ጀርባዬ ላይ በነጠላ ያዘልኩት መሶብ አለ፤ ትልቁ፣ ባለ ክዳኑ። ያየኝ ባጃጅ ነጂ፣ ልጅ ያዘልኩ መስሎት፣ ቀስ ብሎ አለፈኝ።

ልጄ ብርቱካን እስከ በር ሸኘችኝ። «እማዬ፣ እዚህ መሶብ የሚያዝዝ ሰው ጠፋ። ከዚህ ጉዞ አንድ ትእዛዝ እንኳ ይዘሽ ካልመጣሽ ወስፌሽን ሰቅለሽ ከኛ ጋር ቁጭ በይ።»

«ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ?»

«ቴሌቪዥን ታያለሽ።»

እሺ ብዬ ቃል ገባሁላት። ቴሌቪዥኑን አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው።

መነኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። ረዳቱ መሶቡን ጣሪያ ላይ ልጫነው አለ።

«እሱ ወደ ላይ ከወጣ እኔም ወደ ላይ ነኝ» አልኩት።

አሰበበት። «እሺ፣ ወንበር ላይ ያስቀምጡት። ግን የሰው ሒሳብ ይከፍላል።»

ከፈልኩለት። እስከ መርሳ መሶቤ በመስኮት በኩል ተቀምጦ አገር እያየ ሄደ።

ቅዳሜ ረፋድ፣ መርሳ

መርሳ ይሞቃል። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሸንኮራ፣ የባጃጅ ጥሩምባ። ገበያው ዳር ከአንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ጥላ ያላት እሷ ናት። የሚያልፈው ሁሉ መሶቤን ይዳብሳል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ «እጅዎን ይባርከው» ይለኛል፤ ከዚያ የሷን ባልዲ ገዝቶ ይሄዳል።

«እማማ፣ ነገም ይምጡልኝ» አለችኝ። «ገዥ አመጡልኝ።»

«ለእኔስ?»

«ለእርስዎ ሠርግ ያለበት ነው የሚሻለው። ነገ ግራና ከተማ ወይዘሮ ዘሀራ ልጇን ትድራለች። ሴቱ ሁሉ እዚያ ነው።»

ምክሯ ጥሩ ነበር። ማታም ቤቷ አሳደረችኝ።

እሑድ ቀትር፣ ግራና

ከመርሳ በባጃጅ መጣሁ። መንገዱ አቧራ ነው፤ ማሽላው በግራም በቀኝም ቆሟል። ነጂው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይቅርታ ይለኛል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይገባል።

ዳሱ ደጃፍ ስደርስ ነጠላውን ፈትቼ መሶቡን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሰው ይየው ብዬ ነው። ሰው አየው። ወይዘሮ ዘሀራ እልል እያለች መጥታ ትከሻዬን ሳመች። «ማሻ አላህ፣ ከየት ድረስ ተሸክመውልን መጡ» ብላ መሶቡን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ይኸ እንኳ...» ብዬ ጀምሬ ነበር። እልልታው ዋጠው።

ሠርግ ቤት ዕቃ በእጁ ይዞ የገባ ሰው ስጦታ ይዞ ገባ ነው። ይህን አጥቼው አይደለም፤ የራሴን ልጅ ስድር እንዲሁ ስቀበል ውያለሁ። ዛሬ ግን ልቤ ገበያ ላይ ነበር። አሁን «ዋጋው ይኸን ያህል ነው» ብል፣ ከእኔ ቀድሞ ወሬዬ ወልድያ ይገባል።

ስለዚህ ተቀመጥኩ። ለክርስቲያን እንግዳ ለብቻ የታረደ አለ፤ እዚያ ማዕድ ወሰዱኝና የክብር ቦታ ሰጡኝ። ወጡ ጥሩ ነው። መሶቤ ከሙሽራዋ አጠገብ ተቀምጦ ፎቶ ይነሣል። እኔ እጎርሳለሁ፣ አስባለሁ። ለማንም የማሳየው ነገር የለኝም፤ ለብርቱካን ደግሞ ቃል ገብቻለሁ።

እሑድ ከሰዓት፣ እዚያው ዳስ ውስጥ

አንዲት ወፈር ያለች ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከድጃ ትባላለች፤ የሙሽራው አክስት ናት፣ ከውርጌሳ የመጣች።

«መሶቡን ያመጡት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

ወደ ጆሮዬ ቀረበች። «የኛ ወገን ያመጣው ፔርሙስና ብርድ ልብስ ነው። አፈርን።»

«ብርድ ልብስም ይሞቃል።»

«ይተዉኝ እስቲ። እኔም ከረመዳን በኋላ ልጄን እድራለሁ። ይኸው ሕዝብ እኔ ደጅ ሊመጣ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ይስፉልኝ።»

«ቁመቱ ምን ያህል ይሁን?»

«ሰው ሲያየው ዝም የሚልበት።»

ከመቀነቷ ፈትታ ቀብድ ሰጠችኝ። ከዚያ ድምጿን ከፊቱም ዝቅ አደረገች። «ግን ተገዛ አይባልም። ቀኑ ሲደርስ እርስዎ ራስዎ ይዘውት ይግቡ፣ እንደ ዛሬው። የሩቅ ዘመዴ ናቸው እላለሁ።»

«በማን በኩል?»

«በእናቴ በኩል። አላህ ይማራትና፣ የሚጠይቃት የለም።»

ተስማማን። አንድ ጉርሻ አጎረሰችኝ፤ ዘመድ እንደሚያጎርሰው ትልቅ ነው።

ሰኞ፣ ወልድያ

እኩለ ቀን ላይ ገባሁ። ብርቱካን ባዶ ጀርባዬን አይታ ደስ አላት።

«መሶቡስ ተሸጠ?»

«ተዳረ።»

«ትእዛዝስ?»

«አንድ አለ።»

«ከማን?»

«ከዘመዳችን፣ ከውርጌሳዋ።»

«ውርጌሳ ደግሞ ምን ዘመድ አለን?»

«ከረመዳን በኋላ ይኖረናል» አልኳትና የመሶብ መስፊያውን አክርማ ውሃ ውስጥ ነከርኩት።