መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ሙዚቃ፦ ከኔታንያ ቤርሼቫ ደርሶ መልስ

ጠዋት፣ ኔታንያ

የዝናቡ ወራት ሊያበቃ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከኔታንያ ወደ ቤርሼቫ የተነሳሁት አንድ ዲጄ ለማነጋገር ነው። ኤልያስ ይባላል። ወላጆቹ እንደኔው ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ እስራኤል ነው የተወለደው። ያወጣው የሀውስ ሙዚቃ አልበም ብዙ ዘፈኖችን ሳያቋርጥ አያይዞ እንደ አንድ ረጅም ሙዚቃ ያቀረበበት ሚክስ ነው። ሙዚቃው ጨለማ ነው። ግጥም የለውም ማለት ይቻላል፤ ከበሮው አንድ ዓይነት ነው፤ ሰውን ያፈዛል። ለወራት ከጆሮዬ ባላወጣውም ለምን እንደወደድኩት ማስረዳት አልቻልኩም።

ማስረዳት ደግሞ ግዴታዬ ነበር። የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሞራችን፣ መምህራችን ማለቴ ነው፣ «የምትወዱትን አንድ አልበም ለማይወደው ሰው አስረዱ» የሚል ሥራ ሰጥታናለች። የመጀመሪያ ጽሑፌን ስትመልስልኝ ከላዩ ላይ፦ «ይህን የጻፍሽው እኔን ደስ እንዲለኝ ነው። አንቺ የት አለሽ?» ብላበታለች። እሷን ማስደሰት ስህተት መሆኑን አላውቅም ነበር። ግራ ቢገባኝ ለራሱ ለኤልያስ ጻፍኩለት፤ «ነይ» አለኝ።

እናቴ ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ለዘፈን ነው ቤርሼቫ ድረስ?»

«ለትምህርት ነው እማዬ። ማታ እዚያው ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ።»

«ትምህርቱም ዘፈን ሆነ እንግዲህ። በይ ሹራብ ያዢ።»

ታሃናው፣ የአውቶቡስ ጣቢያው፣ እንደ ሁልጊዜው በወታደሮች ተሞልቷል። ቦርሳቸውን ተንተርሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ይተኛሉ። ወንድሜ ዳንኤል ወታደር ነው፤ ሰሜን ነው ያለው። የተኛ ወታደር ባየሁ ቁጥር ፊቱን ዞሬ የማየት ልማድ አለኝ። በአሥራ አምስት ሼቄል ሳምቡሳ የሚመስል፣ እንቁላል ያለው ቡሬካስ ገዝቼ፣ ግማሹን በልቼ ግማሹን ቦርሳዬ ከትቼ ተሳፈርኩ።

ወደ ደቡብ

ቴል አቪቭ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ባቡር ያዝኩ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ለኤልያስ የማቀርባቸውን ጥያቄዎች ደጋግሜ አነበብኩ። ሞኝ እንዳይለኝ ፈርቻለሁ። በመስኮቱ የሚታየው የስንዴ ማሳ ከዝናቡ የተነሳ አረንጓዴ ነበር። ቀና ብዬ እንደገና ሳይ አፈሩ ቢጫ ሆኗል።

ኤልያስ ጣቢያ ድረስ መጥቶ በአሮጌ መኪናው ወሰደኝ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል።

«ያላ፣ ተቀመጪ። ሻይ ወይስ ኮላ?»

«የተገኘውን።»

«የተገኘው ውሃ ነው» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ መሣሪያውን ከፍቶ አንድ ሙዚቃ አሰማኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ።

«አሁን የምትሰሚው የመጀመሪያውን ነው?» አለኝ ትንሽ ቆይቶ።

«አዎ።»

«እሱ እኮ ከሄደ ቆየ።»

አፈርኩ። እሱ ግን ደስ አለው።

«ሥራው ይሄው ነው። የሚመጣውን ቀስ ብዬ ከሥር አስገባዋለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ከበሮ ብቻ። ጆሮሽ ሲለምደው የድሮውን ባስ፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ እቀንሳለሁ። ሰሚው ‹ተቀየረ› ብሎ ካወቀብኝ አበላሽቻለሁ።»

«ለምን ጨለማ አደረግከው?»

«የደስታ ዘፈን ምን ሊሰማሽ እንደሚገባ ያዝሻል። ይሄ ምንም አያዝሽም። ይዘሽ የመጣሽውን ይዘሽ ትቀመጫለሽ።»

ሞራዬ ይህን ትወደዋለች ብዬ እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ማሩ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ «ፕሮፌሰር» እያለ ነው የሚያሾፍብኝ።

«የኔ ዓለም፣ ደህና ነሽ? በላሽ?»

የኔ ዓለም ብሎኝ አያውቅም።

«አጎቴ፣ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ምንም የለም። ዛሬ ቤት ግቢ ልልሽ ነው።»

«ጓደኛዬ ጋ ላድር ነበር እኮ።»

«ሌላ ቀን ታድሪያለሽ። ለእናትሽ አትደውዪ፣ አታስጨንቂያት። ነይ ብቻ። ቀስ ብለሽ ነይ፣ ልጄ።»

አንባቢ ያውቀዋል፤ እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ ላለ ሰውም አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ጎህ ሳይቀድ ቤት መጥቶ ነው መርዶ የሚነገረው። እስከዚያ ሁሉም ሰው «ምንም የለም» ይላል። ድምፁም ማር ይሆናል።

ኤልያስ ሙዚቃውን አጠፋው።

«አጎት ነው?»

«አዎ።»

«ምንም የለም አለሽ?»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

የመልሱ ባቡር

መጀመሪያ ያሰብኩት ዳንኤልን ነው። ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ። የሞተው ወታደር ቢሆን ኖሮ መኮንኖች ናቸው በር የሚያንኳኩት፣ አጎት አይደለም እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ወዲያው ደግሞ አንኳኩተው ቢሆንስ አልኩ። አጠገቤ ሁለት ሴቶች ስለ ወጥ ቤት ቁም ሣጥን ያወራሉ፤ ሳቃቸውን መሸከም አቃተኝ። ማዳመጫዬን ሰክቼ ያንኑ አልበም ከፈትኩ።

ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመታ ልብ ነው የሚጀምረው። ከዚያ አንዲት ሴት ቃል ያልሆነ ድምፅ ታሰማለች፤ ትደጋግመዋለች። አንድ ነገር ሊመጣ ነው ትላላችሁ። አይመጣም። ሌላ ጊዜ ይህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አስፈራኝ፤ ላጠፋውም ፈለግኩ። እጄ ስልኩ ላይ እንዳለ ትንፋሼ ከከበሮው ጋር መሄድ ጀመረ። ሙዚቃው ጭንቀቴን አላባረረውም። «አይዞሽ» አላለኝም፤ «ምንም የለም» ብሎም አልዋሸኝም። ጭንቀቴን እጁን ይዞ አብሮት ተራመደ እንጂ። ለሞራዬ ያጣሁት መልስ ይህ ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ሞራዬ ትዝ አላለችኝም።

ቴል አቪቭ ልንደርስ ስንል ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ዳንኤል ነው። «ከጥበቃ ወጣሁ። እንዲህ የምትደውዪው ልታገቢ ነው እንዴ?»

አለቀስኩ። ከሴቶቹ አንዷ የወጥ ቤት ወሬዋን ትታ መሐረብ ሰጠችኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። እሱ ካልሆነ ታዲያ ማን ነው? ያኔ አክስቴ የሺ ታሰበችኝ። የእናቴና የአጎቴ ማሩ ታላቅ እህት ናት፤ ሁለቱንም ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ጎንደር ሆና ወደ እስራኤል የምትመጣበትን ፈቃድ ስትጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን አጎቴ ቤታችን በመጣ ቁጥር ስለሷ አንድ ነገር ጣል ያደርግ ነበር። መጀመሪያ «የሺን ትንሽ አሟታል» አለ። ቀጥሎ «ሐኪም ቤት ተኝታለች»። ባለፈው ሰንበት ደግሞ «መቼም ዕድሜም አለ» ብሎ ሻዩን አነሳ።

ከሥር እያስገባው ኖሯል።

ማታ፣ ኔታንያ

ዝናብ እየጣለ ነበር። ከታሃናው በእግሬ ሄድኩ፤ መድረሱን ፈርቼ ይሁን ቸኩዬ አላውቅም፣ ስሮጥም ስቆምም ነበር። ደረጃው ላይ ፊቴን ጠረግኩ። እናቴ ድንች እየላጠች አገኘኋት።

«አድራለሁ አላልሽም ነበር?»

«ደከመኝ።»

«ብርቱካን ከፎቅ ወርዳ ስንት ወንበር እንዳለን ጠየቀችኝ» አለች፣ ቀና ሳትል። ብርቱካን ጎረቤታችን ናት። «ምነው ስላት ‹እንዲሁ ነው› አለችኝ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እስቲ ያን ዘፈንሽን አምጪው።»

አንዱን ማዳመጫ ለሷ፣ አንዱን ለኔ አድርገን ሶፋው ላይ ተቀመጥን። ጆሮዋን አዘንብላ አዳመጠች።

«መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ጀምሯል እኮ እማዬ።»

«ይሄ?»

እጇ ጉልበቷ ላይ ከከበሮው ጋር ቀስ እያለ ይነሳና ይወርዳል።

«አሁን ሌላ ሆነ እንዴ?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ቅድም።»

ራሷን ነቀነቀች። «እኔም ያወቅሁት ቅድም ነው። ማሩ ‹ትንሽ አሟታል› ያለ ቀን።»

እጇን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ድንች ድንች ይሸታል።

«እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ። «ጠዋት ይመጣሉ። ቃል መርጠው፣ ልባቸውን አጠንክረው ነው የሚመጡት። አውቄያለሁ ካልኩ ብቻዬን ተቀበልኩት ማለት ነው፤ ይሄን አይችሉትም። ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት ዘፈን የለም። ዛሬ እስኪያልቅ ልስማው።»

እስኪያልቅ ሰማነው።

ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ፊት፣ አጎቴ ማሩ ከኋላ፤ ዓይኑ አብጧል። እናቴ ለብሳ ነበር የጠበቀችው። ተናገሩ። ጮኸች፤ ጩኸቷም የምር ነበር። ማወቅና መነገር አንድ እንዳልሆኑ ያን ጠዋት ገባኝ።

ከጉዞው በኋላ

ጽሑፉን ለሞራዬ የሰጠሁት ከሺቫው፣ ከሰባቱ የሐዘን ቀናት፣ በኋላ ነው፤ ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፍም። ከዚህ መንገድ የተማርኩት ሌላ ነው። ያን ሙዚቃ የምወደው የሚመጣውን ነገር በአንድ ጊዜ ስለማይጥልብኝ ነው፤ ከሥር እያስገባ ትከሻዬን ያለማምደዋል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ቤት ነው ያደግኩት። አንድ ነገር ግን አሁንም ይከብደኛል። ከጎንደር የተደወለው ለአጎቴ ማሩ ነው፤ እሱ በስልክ፣ ብቻውን ነው የሰማው። ሟቿ ለሱም እህቱ ናት። ለሱ ከሥር ያስገባለት ማንም አልነበረም።

የሐዘኑ ወር ካለፈ በኋላ አንድ ማታ አጎቴ ቤታችን ሻይ እየጠጣ ሳለ እናቴ፣ «ያን የማይጀምረውን ክፈቺው» አለችኝ። ከፈትኩት። አጎቴ ጥቂት ሰማና ፊቱን አኮሳተረ።

«ፕሮፌሰር፣ ይሄ ነገር ዘፈን ነው? መቼ ነው ፍሬ ነገሩን የሚናገረው?»

«ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው» አለችው እናቴ፣ ስኳሩን እያቀረበችለት። «እንዳንተው።»

አጎቴ ማሩ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ፤ ቀድማ ማወቋ የገባው ያን ጊዜ ነው።