የበረዶው ጥፋተኛ

ዕድሜዬን የፈጀሁት ደመና ሳይ ነው። ስለ ምድር ወገብ አካባቢ ዝናብ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ስለ በረዶ፣ ብዙ ጽፌአለሁ፤ ብዙም አስተምሬአለሁ። ፀሐይ አናት ላይ በምትቆምበት አገር ባቄላ የሚያህል በረዶ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ የተጠናወተኝ በወጣትነቴ ነው። ሰዎች እንዴት ይህን ያህል ያዘህ ሲሉኝ ከመጽሐፍ ያገኘሁት አስመስዬ እመልሳለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ጥያቄው አልለቅ ያለኝ ይጁቤ አጠገብ፣ በአክስቴ መንደር፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው።

ያኔ ከውጭ አገር ትምህርቴን ጨርሼ ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በምትገኝ ትንሽ ጣቢያ ዝናብና ነፋስ እለካለሁ፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ከምሥራቅ ሲነሣ ደጅ ቆሜ አያለሁ። የጥናቴ ሐሳብ ቀላል ነበር። ከዓባይ በረሃ የሚነሣው ሙቀት ሽቅብ ወጥቶ ከደጋው ብርድ ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል? በረዶ የመታው አገር አለ በተባለ ቁጥር እሄዳለሁ። ገበሬው ራሱን ይዞ ሲቀመጥ እኔ ማሳውን በእርምጃ እለካለሁ። ምን ያህል ሰው እንደወደደኝ መገመት አያዳግትም።

አንድ የመስከረም ቅዳሜ ከይጁቤ የመጣ ነጋዴ መልእክት አደረሰኝ። አክስቴ፣ የአባቴ እኅት፣ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ ሴት፣ ተከስሰዋል። የገብርኤል ዕለት ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለው ታይተዋል፤ በማግስቱ በረዶ ወረደ። በዓል ሽረው በረዶ ያመጡብን እሳቸው ናቸው ተብሎ ለነገ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠርቷል፤ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሳይበተን የሚቀመጥበት ሸንጎ። ጥፋተኛ ከተባሉ እሳት የሚያስጭራቸው፣ ውሃ የሚያቀብላቸው አይኖርም። በሬ የሌላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ያለ ጎረቤት አንድ ክረምት አትዘልቅም። ደሜ ፈላ። ካፖርቴን ደርቤ በዚያው ሰዓት መንገድ ጀመርኩ።

ስደርስ ገና አልመሸም ነበርና በቀጥታ ወደ ማሳው ሄድኩ። በረዶው መሬቱን እንደ መንገድ ቀድዶት አልፏል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ጠባብ መስመር ነው። በመስመሩ ውስጥ ያለው ጤፍ ከጭቃ ጋር ተለውሷል፤ ከስንዴው የቀረው አገዳው ብቻ ነው። ከመስመሩ ወጣ ሲባል ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እህሉ ቆሟል። ጠርዙ ያረፈው በአክስቴና በጎረቤታቸው ማሳ መካከል፣ ልክ በወሰኑ ላይ ነበር። የጎረቤትየው አዝመራ እንዳለ ወድሟል፤ የአክስቴን ጤፍ ነፋስ ያወዛውዘዋል። እንደ ባለሙያ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ጥርት ያለ ጠርዝ አይቼ አላውቅም ነበር። እንደ ወንድማቸው ልጅ ግን ወሰኑ ምን እንደሚያስብል ገባኝ። እሷ አጠፋች፣ እኛ ተቀጣን ለማለት ያንን ወሰን በጣት ማሳየት ብቻ ይበቃል።

ቤት ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ጠየቅኋቸው።

«ያን ዕለት ማሳ ውስጥ ምን አደረጉ?»

«ጥጃ ገብቶ ነበር፤ አስወጣሁት። የረገጠውን በእጄ ቀና ቀና አደረግሁ። አረም አልነቀልኩም። የገብርኤልን ቀን እኔ እሽራለሁ?»

ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የነገሩኝ። አክስቴ አይዋሹም። በልጅነቴ ስዋሽ ጭኔን የሚቆነጥጡኝ እሳቸው ነበሩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ወይራው ሥር ተቀመጠ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ሸንጎውን ከፈቱ፤ ጎረቤትየው ተነሣ። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። ያ ነው የከበደኝ። «ልጆቼን ምን እንደማበላ አላውቅም። ለምን እንደሆነብኝ ግን ልወቅ» አለና ተቀመጠ። አክስቴ ለእኔ የነገሩኝን የጥጃ ነገር ቃል በቃል ደገሙ። ጭቃ ሹሙ ወደ እኔ ዞረው «የተማረ ሰው መጥቷል፤ የሚያውቀውን ይናገር» አሉ።

ተናገርኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ ዛሬም ተማሪ ፊት ከዚያ የተሻለ አልናገርም። ከበረሃው የሚነሣው ሙቅ አየር ጠብታውን ሽቅብ ይዞት ይወጣል፤ ጠብታው ከላይ ብርዱ ጋ ሲደርስ ይረጋል፤ ልውደቅ ሲል ነፋሱ መልሶ ያነሣዋል። እንዲህ እየተመላለሰ እንደ ሽንኩርት ልባስ በልባስ ላይ ይደርባል፤ በመጨረሻ ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይወርዳል። ደመናው እየተጓዘ ስለሚያወርደው መስመር ይሠራል፤ የመስመሩ ጠርዝ የት እንደሚያርፍ ግን ማንም አይመርጠውም። «የገብርኤል ዕለት አገሩ ሁሉ በሩን ዘግቶ ቢውልም በረዶው ይወርድ ነበር። የማንም ጥፋት አይደለም» ብዬ ጨረስኩ። ሰዉ አዳመጠኝ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አክስቴን አዳንኳቸው ብዬ አሰብኩ።

ጎረቤትየው እንደገና፣ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«የማንም ጥፋት ካልሆነ ለከርሞም ሊመጣ ይችላል?»

«ይችላል።»

«በዚያው በእኔ ማሳ ላይ?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ምን ባደርግ ነው የሚቀርልኝ?»

«ምንም» አልኩት። ሰውየው ጋቢውን እንደጨበጠ እዚያው ቆሞ ቀረ። መቀመጥ የረሳ ይመስል ነበር። ልጆቹ ከኋላው ተደርድረዋል። ፊቱን ማየት አቅቶኝ ወደ መሬት አየሁ።

ያኔ አክስቴ ተነሡ። ወደ መካከል ወጡና ከመሬት ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አድርገው ተንበረከኩ።

«አርሜአለሁ» አሉ። «ጥጃ ያልኩት ውሸት ነው። አረሙ በዛብኝ፤ የሚያግዘኝ የለኝም፤ ማንም አያየኝም ብዬ አረምኩ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ካሳውን እክሳለሁ።»

ቁጣ ይነሣል ብዬ ስጠብቅ ሰዉ እፎይ አለ። ጭቃ ሹሙ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመካክረው ፈረዱ። ከጤፏ ሲሶው ለእሷ ይቅር፤ የቀረውን በረዶ የመታቸው፣ ከሁሉም በፊት ጎረቤቷ፣ ይጨዱት፤ ጥፋቷን አምናለችና እሳትና ውሃ አትከልከል። ድንጋዩን ከማጅራታቸው ያወረደላቸው ጎረቤትየው ራሱ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ንዴቴን መያዝ አልቻልኩም።

«በቤተ ክርስቲያን ደጅ ዋሹ! እኔንም በአገር ፊት ውሸታም አደረጉኝ!»

«እሱን ከነፍስ አባቴ ጋር እጨርሰዋለሁ» አሉ፤ እርምጃቸውን ሳይገቱ።

«ለምን?»

«ባለፈው ሰኞ፣ ጤፉ ሲደርስ ከማሳዬ እጨድ ብዬው ነበር። ለማኝ አደረግሽኝ ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ምጽዋት አይቀበልም፤ እንዲህ ነው አፈጣጠሩ። ካሳ ግን ይቀበላል። ልጆቹ ይብሉ እንጂ፤ እኔ ምን ቢሉኝ ምን አለበት?» ጥቂት ተራምደው ቆሙ። «አንተስ ያልከውን ሰምተኸዋል? ምንም ብታደርግ አይቀርልህም አልከው። እንዲህ የተባለ ሰው ነገ ተነሥቶ እንዴት በሬ ይጠምዳል?»

«እርስዎስ ምን ሊበሉ ነው?»

«ያንተ ደመወዝ ምን ይሠራል? ደመና ስታይ እየዋልክ የሚከፍሉህ ለእኔ እንድትልክ ነው እንጂ።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በጣም ተናድጄ ነበር። እኔ ያልደረስኩበትን ነገር አይተው እንደነበር ገብቶኛል፤ የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ አክስቴ በመንደሩ በረዶ ያመጡት ሴት ሆነው ኖሩ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጎረቤት በደቦ አልተለያቸውም፣ ድግስም አልቀረባቸውም። ብቻ ልጆች በበዓል ቀን መጥረቢያ ሲያነሡ «እንደ እሷ እንዳትሆኑ» ይባላሉ፤ ደመናው ሲጠቁርም አንዳንዱ ወደ ደጃቸው ዞር ብሎ ያያል። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር እሰማ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ አልፋለሁ። የዚያ መስመር ካርታ በጥናቴ ውስጥ ታትሞ ብዙ አገር ደርሷል። ስለ እሳቸው አንድ ቃል የለበትም።

ብዙ ዓመት ቆይቶ አክስቴ አረፉ፤ ለቀብራቸው ደረስኩ። መቃብሩን የቆፈሩት የጎረቤትየው ልጆች ናቸው፤ ትከሻቸው የሰፋ ወንዶች ሆነዋል። አባታቸው አርጅቶ ምርኩዝ ይዟል። አፈሩ ተመልሶ ሰዉ መበተን ሲጀምር ወደ እኔ ተጠጋ።

«ያን ጊዜ እዚህ ቆመህ የማንም ጥፋት አይደለም ብለህ ነበር» አለኝ። «እሷ ጥፋቷን ባታምን ኖሮ አንተን ነበር የማምነው። አሁን አንተም ሸብተሃል፣ ብዙ ተምረሃል። ዛሬስ ምን ትላለህ?»

ልጆቹ አካፋቸውን እንደያዙ ያዳምጣሉ። የአክስቴን ስም ለማጥራት ጥቂት ቃል ይበቃኝ ነበር፤ ስንት ዘመን አፌ ላይ ይዤው የኖርኩት። ያንን ብናገር ግን እነዚህ ወንዶች የበሉት ጤፍ ምጽዋት ሊሆን ነው።

«ተሳስቼ ነበር» አልኩት። «ያመጡት እሳቸው ናቸው።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «እግዜር ይፍታት» አለ፤ ልጆቹም «አሜን» አሉ።