ፍሪዘር ውስጥ የከረመው ደብዳቤ

ያስነሱኝ ወጣቶቹ ናቸው። ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ከበው ያዙኝና፣ "እማማ ዘውዴ፣ የኤሌቬተሩን ነገር ይንገሩን እንጂ፤ ሁልጊዜ ግማሹን ብቻ ነግረውን ይሄዳሉ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ወሬ ስጀምር መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እያልኩ ነው የምሄደው፤ ሳልደርስ ይመሻል። ዛሬ ግን እስከ ጫፉ ልናገር፣ ጌታ ያደረገልኝን በጉባኤው ፊት ልመስክር ብዬ ቆሜያለሁ። ጉልበቴ እምቢ ካለ እቀመጣለሁ፤ እናንተ ግን አሜን ማለቱን እንዳትተዉብኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ሰላማዊት ወደ ካናዳ ስታመጣኝ ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ እሷ፣ ባሏ ግርማ፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኔ። ሕንጻው ረጅም ነው፤ ፎቁ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። ቁጥር ስለማላውቅ ኤሌቬተሩ ላይ የኛን ቁልፍ የምለየው ጠርዙ በመፋቁ ነበር። ከተሳሳትኩ ደግሞ ፎቁን በጠረኑ አውቀዋለሁ። ዓሣ የሚጠበስበት የቤንጋሊዎቹ ነው፤ የኛ ፎቅ ግን እርጥብ ምንጣፍ ይሸታል። ዞር ዞር ማለት እወዳለሁ፤ ካልዞርኩ እግሬ የታሰረ ይመስለኛል። ግርማ ሲቀልድብኝ፣ "እማማ፣ ለዚህ ሕንጻ ዘበኛ አያስፈልገውም፤ እርስዎ አሉ" ይለኝ ነበር።

ያኔ ከሰላም ጋር ቤተ ክርስቲያን እመጣ ነበር፤ ሰው ለማየት ግን እንጂ ለሌላ አልነበረም። ለምን መሰላችሁ? ወንድሜ አገር ቤት ሲሞት ልጆቼ አራት ወር ሙሉ ደበቁኝ። ክፉ አስበው አይደለም፤ የኛ ደንብ ነው፤ ብቻዬን ሆኜ እንዳልሰማው ብለው ነው። እኔ ግን አራት ወር ሙሉ በየማለዳው እየተነሳሁ፣ "ወንድሜን ጤና ስጠው" እያልኩ ለሞተ ሰው ስጸልይ ኖርኩ። ሲያረዱኝ መጸለዬን ተውኩ። ጥቁር ጥለት ያለውን ነጠላ ለበስኩና፣ "የሚሰማኝ ቢኖር ኖሮ፣ ተይ ዘውዴ፣ ሞቷል፣ ይለኝ ነበር" አልኩ። ልቤ እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ነገሩ የመጣው።

ሰላም ራሷን ያማት ጀመር። አንድ ቀን ምሳ ላቀርብላት ስገባ፣ ከትከሻዬ ጎን አተኩራ ታያለች።

"እማዬ፣ አጠገብሽ የቆመችው ማናት?"

"ማንም የለም፣ ልጄ።"

"አለች እንጂ። አንቺን ትመስላለች። ነጠላዋም ያንቺው ነው።" አንድ ዓይኗን ሸፈነች። "አሁን ሄደች።" እጇን አነሳች። "ይኸው፣ ተመለሰች።"

ዞሬ አየሁ። ግድግዳ ብቻ ነው።

ሐኪሙ በኋላ ሲያስረዳን፣ ከራስ ቅሏ ስር፣ ከዓይኗ ነርቭ አጠገብ እጢ በቅሏል፤ ሁለት ሁለት የሚያሳያት እሱ ነው አለን። ቀዶ የሚወጣውን አወጡላት። የቀረው ፕሮቶን በሚባል ጨረር ካልተመታ መልሶ ያድጋል። "ካደገ መጀመሪያ ብርሃኗን ይወስዳል፤ ቀጥሎ ሕይወቷን" አለ። የፕሮቶኑ ማሽን ግን ካናዳ ውስጥ የለም፤ ድንበር ተሻግሮ አሜሪካ ነው። የመንግሥቱ ጤና መድን እዚህ ያለውን ይሸፍናል፤ ከአገር ውጪ ለሚሆነው ግን አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። ሐኪሙ ጽፎ ላከ። እኛም አፕሩቫል እስኪመጣ መጠበቅ ጀመርን። አፕሩቫል የምትለዋን ቃል ሕፃናቱ እንኳ ተምረዋት፣ ከረሜላ ሲፈልጉ፣ "አያቴ፣ አፕሩቫል ስጪን" ይሉኝ ነበር።

ሌተሩ መጣ። ግርማ እዚያው በር ላይ ቆሞ ከፈተው፤ የመጀመሪያውን መስመር አነበበና ፊቱ አመድ መሰለ።

"እማማ፣ እምቢ ብለዋል" አለኝ በሹክሹክታ።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። "ልጄ፣ መርዶ እንዲህ በር ላይ አይነገርም" አልኩት። "ታላቅ እህቷ ከካልጋሪ እስክትመጣ ይቆይ፤ ሰው በሌለበት ቤት እንዴት ብለን እንነግራታለን?" እህቷ የምትመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ግርማም እሺ አለ። ደብዳቤውን ተቀብዬ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከአገር ቤት ከመጣው በርበሬ ከረጢት ስር ከተትኩት። ያንን ከኔ በቀር የሚነካው የለም። እሱ ልቡ ተሰብሮ፣ እኔ ፊደል ሳላውቅ፣ ከመጀመሪያው መስመር ወዲያ ያለውን ማንም አላነበበውም።

ይህ ብቻ አይደለም። የሰላምን ስልክ "አንቺ እረፊ" ብዬ ተቀብያት እኔ ነበርኩ የምይዘው። ከሆስፒታል ሲደወል ሥዕልም ፎቶም አይወጣበትም፤ በዚያ አውቀዋለሁ። በስልክ መርዶ ይነገራል እንዴ? እያልኩ ሶፋው ትራስ ስር አፍነዋለሁ። እስኪተው ድረስ ትራሱ እንደ ሰው ደረት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቤታችን የሹክሹክታ ቤት ሆነ። እኔና ግርማ ማድ ቤት፣ ሰላም መኝታ ቤት። በገባሁ ቁጥር ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ ታየዋለች።

"ትናንት ትከሻሽ ላይ ነበረች" አለችኝ አንድ ቀን። "ዛሬ ራቅ ብላለች።"

በሁለተኛው ቀን፣ "ወደ በሩ እየሄደች ነው" አለች።

በሦስተኛው ቀን፣ "እማዬ፣ በሩ ጋ ደርሳለች" አለች።

እዚያ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ሐሙስ ቀን ነው፤ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት እኩለ ቀኑ ቀን አይመስልም። የሚታጠበውን ልብስ ይዤ ኤሌቬተር ገባሁ። ውስጡ አንድ ጺማም ቤንጋሊ ሩዝ ተሸክሞ ቆሟል። ትንሽ ወረድ እንዳልን ቆመና በሩ ተከፈተ።

ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት ገባች። ቁመቷ የኔው ነው። ነጠላ ለብሳለች፤ ጥለቱ ጥቁር ነው። ቤንጋሊው ቀና ብሎ ሳያያት ዝም ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ከዚያ በጠራ አማርኛ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ እንዲህ አለች፦

"የደበቅሽውን ወረቀት አውጪው። ወረቀት ቀን አለው። ቀኑ ሲያልፍ ልጅሽን ይዞ ነው የሚያልፈው።"

የያዝኩት ልብስ ከእጄ ወደቀ። "እትዬ፣ ማን ነገረሽ?" አልኳት። በሩ ሲከፈት ወጣች፤ ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው ድልድይ በኩል ጉሙ ዋጣት። ቤንጋሊው ልብሴን ለቃቅሞ አሸከመኝና ሄደ። እኔ ኤሌቬተሩ ውስጥ ቀረሁ፤ ስንቴ እንደወጣሁ፣ ስንቴ እንደወረድኩ አላውቅም።

ቤት ስገባ ቀጥታ ወደ ፍሪዘሩ ሄድኩ። ግርማ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

"እማማ፣ ምን ነካዎት?"

"አንብበው! እስከ መጨረሻው አንብበው!"

ገጾቹ በበረዶ ተጣብቀው ነበር። በትንፋሹ እያሞቀ አላቀቃቸው። ከስር ሌላ ገጽ ወጣ። ሲያነብ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"እማማ... ይግባኝ ማለት ይቻላል ይላል። ሰኞ ያበቃል።"

ስሙ ይባረክ! ሰኞ ያበቃል፣ ዛሬ ሐሙስ ነው! ሃሌ ሉያ አትሉም?

አሁን የሰላም ፊርማ ያስፈልጋል፤ መንገር ግድ ሆነ። ሁለታችንም አልጋዋ ሥር ተንበርክከን ነገርናት። እኔ ጩኸቷን ስጠብቅ፣ እሷ እፎይ ብላ ተነፈሰች።

"እምቢ ብለው ነው እንዴ? ይኸው ነው?" አለች። "እኔ እኮ የሞትኩ መስሎኝ ነበር። ሞቼ፣ መርዶዬን ለራሴ ለመንገር እህቴን የምትጠብቁ መስሎኝ ነበር። ስልኬ አይጠራም፤ ሁለታችሁ ትንሾካሾካላችሁ፤ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ታዲያ ምን ልበል?"

ያን ቀን ያለቀስኩትን ልቅሶ ለወንድሜም አላለቀስኩም።

በነጋታው ወደ ሐኪሙ ሄድን። ጸሐፊዋ፣ "ስንት ጊዜ ኮል አደረግን! ለምን አታነሱም?" አለች። ግርማ ሲተረጉምልኝ አንገቴን ደፋሁ። ወረቀቱን ገለጥ ስታደርገው ደግሞ ማስነጠስ ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት! "ምንድን ነው ያደረጋችሁበት?" "በርበሬ ነው" አላት ግርማ። ሰላም ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ሐኪሙ፣ "የከለከሉት የዚህ አገር ጨረር ለምን እንደማይሆን በደንብ ስላልተብራራላቸው ነው። ነርቩን እንደሚያቃጥለው እኔም እጽፋለሁ፤ ሌላም ስፔሻሊስት አስጽፋለሁ" አለ። ጻፉ፣ ሰላም ፈረመች፣ ያንኑ ዕለት ተላከ።

መልሱን ስንጠብቅ እኔ ሴትዮዋን ፍለጋ ወጣሁ። በየፎቁ እየወረድኩ ረጅሙን ኮሪደር እስከ ጫፉ እሄዳለሁ። ማንም የለም። ነጠላዬን እያሳየሁ ያገኘሁትን ሁሉ በአማርኛ ብጠይቅ የሚገባው የለም። አንድ ቀን በራችን መስሎኝ ቁልፌን ከተትኩ፤ አልዞር አለ፤ ከውስጥ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። ሸሽቼ ኤሌቬተሩ ውስጥ ገባሁ። በሩ ተዘጋ። ብቻዬን ነኝ። አፌ ራሱ ተከፈተ፦

"የወንድሜን ሞት ያልነገርከኝ ጌታ፣ የልጄን ቀን ነገርከኝ። ፍሪዘር ውስጥ፣ በርበሬ ስር ያየኸኝ አንተ ማን ነህ? ከእንግዲህ ምንም አልደብቅህም።"

ቁልፍ ሳልጫን ኤሌቬተሩ ተነሳ። የቆመው እኛ ፎቅ ነው፤ እርጥቡ ምንጣፍ ሸተተኝ። ሌላ ሰው ጠርቶት ይሆናል፤ በሩ ሲከፈት ግን ማንም አልነበረም።

አፕሩቫሉ መጣ። ጌታ ይክበር! ግርማ በዚህ ጊዜ በር ላይ ቆሞ ጮኾ አነበበው፤ እስከ መጨረሻው ገጽ፣ እስከ ፊርማው ድረስ አነበበው። በዚያው እሑድ እዚህ፣ በዚህ መድረክ ፊት፣ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ፓስተሩ፣ ያየሽ አጋርን በምድረ በዳ ያያት አምላክ ነው ብሎ አስተማረኝ። ሰላም ሁለት ወር አሜሪካ ታከመች። ስትመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ከሩቅ ቆማ አየችኝ፤ ጎኔን አየች፤ ከኋላዬ አየች።

"እማዬ፣ አንድ ሆነሻል" አለችኝ።

ይኸውና ዛሬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። መነጽር ያደረገችው ለማንበብ ነው፤ አትፍሩ! እኔም ለጥቁሩ ጥለት ደህና ሁን ብዬዋለሁ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ የተከለከላችሁበት ወረቀት ካለ ለጌታ አሳዩት፤ ለሐኪማችሁም አሳዩት፤ ለሰውም አሳዩት። እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት። ጌታን የታመነ አያፍርም። ዛሬ ልቡን የደበቀ ካለም ይምጣ፤ እዚህ የሚያፍርበት ሰው የለም።

አሁን ልቀመጥ ነበር፤ ወጣቶቹ የማያውቁት ግማሽ ግን ይህ ነው። እኔ ያቺን ሴት መልአክ ነበረች እያልኩ ስንት ዓመት መስክሬያለሁ። ወደ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ከተዛወርን በኋላ፣ በቤት ለቤት ጸሎት ላይ ይህንኑ ስናገር፣ ትዕግሥት የምትባል አዲስ የመጣች እህት አለቀሰች።

"እትዬ ዘውዴ፣ እናቴ ናት" አለችኝ። "እዚያው ሕንጻ ነበር የምንኖረው። ወንድሜ ታሞ፣ እንደ እናንተው ከአገር ውጪ እንዲታከም ተጠይቆለት፣ እምቢ የሚል ሌተር መጣ። እናቴ እኔ ፈተና እስክጨርስ ብላ ደበቀችው። ቀኑ አለፈ። ወንድሜም አለፈ።"

"ታዲያ የኔን ወረቀት በምን አወቀች?"

"አላወቀችም። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ኤሌቬተር ውስጥ እየገባች ለሚያጋጥማት ሁሉ ያንኑ ትናገር ነበር። ለቤንጋሊው፣ ለፊሊፒኑ፣ ለፖስታ አዳዩ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በአማርኛ። ለምደዋት ዝም ብለው ቦታ ይለቁላት ነበር። አንድ የጉም ቀን ቤት ገብታ፣ ‘ዛሬ አንዷ መለሰችልኝ’ አለችኝ፤ ነጠላዋን አውልቃ አጠፈችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ያንን ቃል ደግማ አልተናገረችም።"