ማሽኑ አሁንም መምህር አስማረን ይጠይቃል

መምህር አስማረን የምታውቁ ሁሉ፣ የጋይንትም የስማዳም የእስቴም ሰው፣ ያልሰማችሁ ካላችሁ ስሙ፤ መምህር አርፈዋል። ሐሙስ ማለዳ፣ ንፋስ መውጫ፣ እኔ ቤት በተከራዩት ክፍል ውስጥ ነው ያረፉት። ጉበታቸው ነው አሉ። ደብረ ታቦር ወሰድናቸው፣ ባሕር ዳር ወሰድናቸው፣ «ቤታቸው ይረፉ» ተብለን ተመለስን። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ስናገር የልጅ ልጄ ትዕግሥት ትጽፋለች። ብቀልድም አትቆጡኝ። እሳቸውም ያለ ቀልድ ቤቴ አልኖሩም።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጅ አስተማሩ። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ መቅጃ ይዘው የአሮጊት ዘፈን ለቀማ ገቡ። የሰርጉን፣ እሹሩሩውን፣ ሙሾውን ሁሉ በእግራቸው እየዞሩ ቀዱ።

«ኧረ መምህር፣ ሰው ኮረዳ ይከተላል፣ እርስዎ አሮጊት!» ስላቸው፣

«ኮረዳዋ ትቆያለች እማማ፤ የምትቸኩለው አሮጊቷ ናት» ይሉኝ ነበር።

የቀዱትን ከከተማችን ቤተ መጻሕፍት ጓዳ ባለው ማሽን ውስጥ ያኖሩታል። እህቴ ጥሩነሽም እዚያ ውስጥ አለች። እሷ ሞታለች፤ ፎቶግራፍ እንኳ የላትም። የቀረችኝ ያቺ ድምፅ ናት።

አንድ የስማዳ ጎልማሳ የሞተች እናቱ እሹሩሩ ስትል ተቀድታለች ሲባል ሰምቶ መጣ። መምህር ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረጉለትና ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ማንም እንዳይገባ። «ድምፁ የባለቤቱ ነው፤ እኔ ዘበኛው ነኝ» አሉ። ሰውየው እስኪወጣ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆመው ቀሩ።

መብራታችንን ታውቁታላችሁ። ሲጠፋ ማሽኑ እንደ ቆመ ይወድቃል። ሊኑክስ በሚሉት የሚሠራ ነው፤ ሲነሣ ውስጡን የሚፈትሽለት ፕሮግራም አብሮት አለ። አንድ ጊዜ ታዲያ ፈታሹ ፈተሸ፣ የተሰበረውን ጠገንኩ አለ፣ ማሽኑም ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ቀጠለ። ለካ ግማሹን ድምፅ ስሙን ገፎ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ባለ የጠፋ ዕቃ መጣያ ጓዳ ወርውሮታል! መምህር ያወቁት ከርሞ ነው። ፊታቸው አመድ መስሎ መጡና «እማማ፣ ጆሮዎን ያውሱኝ» አሉኝ።

ሄጄ ጎናቸው ተቀመጥኩ። አንዱን ሲከፍቱ «ይቺ የአርብ ገበያዋ ናት፣ ጥርስ የላትም»፤ ሌላውን ሲከፍቱ «ይቺ ደግሞ ሌባ ናት፣ ግጥሙ የኔ ነው» እያልኩ ስም ስመልስ ዋልኩ። ጥሩነሽ ስትመጣ ግን ጎንበስ ብዬ ወደ ድምፁ ተጠጋሁ። መምህር ፊቴን አዩና ስሟን ራሳቸው ጻፉት።

ከዚያ ወዲያ ስክሪፕት የሚሉትን መንደፍ ያዙ። ፈታሹ ሥራውን ሲጨርስ ተራውን የሚረከብ ትእዛዝ ማለት ነው። «መፈተሹንስ ይፈትሻል፤ ጭንቁ ከፈተሸ በኋላ ምን ይሁን ነው» ይሉ ነበር። ፈታሹ ሲጨርስ ቁጥር ይናገራል። ዜሮ ካለ ሰላም ነው፤ ስክሪፕቱ ይከፍታል። አንድ ካለ ተሰብሮ ነበር፣ ጠግኛለሁ ነው፤ ስክሪፕቱ ያንን ጓዳ አይቶ፣ የተጣለ ነገር ከሌለ ይከፍታል። አራት ካለ አልቻልኩም ነው። ያን ጊዜ ማንንም አያስገባም፤ ለመምህር ስልክ መልእክት ልኮ መልስ ይጠብቃል።

«ምነው ራሱ አይወስንም?» አልኳቸው።

«ያልዳነውን ድኗል ብሎ የሚሸኝ ሐኪም ይወዳሉ?»

«እርስዎስ ቢተኙ? ቢሰክሩ?»

«ጠላውን የሚያጠጡኝ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎው ይቀሰቅሱኛል!»

እኔም ግጥም አወጣሁባቸው፦

ሳጥንዎ ታመመ ይሉኛል በጠዋት፣
ሐኪሙ እርስዎ ነዎት፣ በሽታውም መብራት።

ሰላምታችን ሁሉ ይኸው ሆነ። «ዛሬ ስንት አለ?» እላለሁ። «ዜሮ፣ እማማ።» «ተመስገን።» ሲታመሙ ደግሞ «መምህር፣ እርስዎስ ዛሬ ስንት ነዎት?» እላቸው ጀመር። «አንድ» ይሉኛል፣ እንዳልደነግጥ ብለው። ኋላ ኋላ መናገሩ ሲያቅታቸው አራት ጣት አነሡልኝ። ምን ላድርግ? የሾርባውን ሳህን ይዤ ቆምኩ።

የሳልስታቸው ዕለት ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ትዕግሥት አነበበችው፦ «ፍተሻው አልቋል። አራት። ያልተጠገነ ጉዳት አለ። ምን ላድርግ?»

ሰዉ ሁሉ እኔን አየ። እኔ ምን አውቄ! ግልባጭ የነበረበት ዲስክ መምህር ታመው ሳሉ ተበላሽቷል፤ የሚተካውም አልነበረ። ከደብረ ታቦር አንድ ባለሙያ ተጠራ። ሲያየው ዋለና ራሱን ያዘ።

«እማማ፣ መምህር ቢኖሩ ኖሮ...»

«እሳቸው ቢኖሩማ አንተን ማን ይጠራህ ነበር!»

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «ጠግን ካልኩት ምን እንደሚጥል አላውቅም። አትጠግን ካልኩት አይከፈትም። እህትዎ ያሉት እዚህ ነው አሉ፤ እርስዎ ያሉኝን ልመልስለት።»

በሰርግ ለሚዜ ሁሉ መልስ የማላጣ ሴት፣ ያን ጊዜ ሳጥኑን በመዳፌ ዳበስኩት። ጠግን ብዬ ጥሩነሽን ቢጥላትስ? ዝም ብዬ ሳልሰማት ብሞትስ? ሁለቱንም አልቻልኩም። የሚያውቅ እስኪገኝ ብለው ከመብራቱ ነቀሉት። የሚያውቅ አልተገኘም። ትዕግሥት የመምህርን ስልክ መልእክቱ እንዳለ ዘግታ አስቀምጣዋለች።

እንግዲህ መምህር፣ ደህና ይሂዱ። ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋራ ያኑርልዎ። እርስዎንም ማዳን አልቻልንም፣ የተዉልንንም አልቻልንም፤ ይቅር ይበሉን። እዚያ ጥሩነሽን ካገኟት ድምፅሽ ተቆልፎበታል ብለው እንዳይነግሯት። እርስዎ ክፉ ወሬ መንገር አይችሉበትም። ይተዉት፤ ስመጣ እኔው እነግራታለሁ።