ስልሳ አንድ ጥፋት

አትራክታ መልደሪግ የድረምካራ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ተወካይ ሆና የተመረጠችው በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ነው። በድረምካራ ቅርንጫፍ ከእሷ በቀር ሌላ ሠራተኛ የለም፤ ራሷን መምረጥ ደግሞ አሳፈራት። እጇን ሳታወጣ ቀረች፤ የሚቃወምም ስላልነበረ አለፈች። ከዚያ ለራሷ እንኳን ደስ ያለሽ ብላ ሻይ አፈላች።

በምዕራብ አየርላንድ፣ ከከብት ገበያው አጠገብ፣ ዝናብ ጣሪያው ላይ ሲጨፍር በሚውል ባለሁለት ክፍል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ክፍሉ ውስጥ አንድ ማሞቂያ አለ፤ ከማሞቂያው ጎን አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር አለ። የፓኪ ወንበር ነው። ፓኪ ሚስት ያላገባ፣ ላሞቹን የሚያናግር፣ ሰውን ግን ሳያስፈልግ የማያናግር ገበሬ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ ይላል፤ አትራክታ ያን ድምፅ ካልሰማች ቀኑ የጀመረ አይመስላትም።

እንግዲህ በዚህ ሰላም መሐል ነው የአውራጃው ምክር ቤት አዲስ ሐሳብ ይዞ ብቅ ያለው። በገጠር ቅርንጫፎች ሁሉ በካርድ የሚከፈት በር ይገጠማል፤ ጣሪያው ላይ ካሜራ፣ ጥግ ላይ መጽሐፍ የሚመዘግብ ማሽን ይቆማል፤ ቤቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ ክፍት ይሆናል። ሲሰሙት ደስ ይላል። አንዲት ነገር ብቻ ጎደለችው፤ ሰው። አትራክታ ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ጠዋት ትወርዳለች፣ በቀረው ሰዓት በሩ ራሱን ይጠብቃል።

የሠራተኞቹ ማኅበር ጸሐፊ ደርቭላ ትባላለች። ድሮ አውቶቡስ ትነዳ ነበር፤ ዛሬም ስታወራ ድምጿ እስከ ኋላ ወንበር እንዲደርስ አድርጋ ነው። በቀይ መኪናዋ መጥታ ዘዴውን ነገረቻት።

«ስሚ የኔ ጀግና! ምክር ቤቱ ድምፅ እስኪሰጥ ሁለት ሳምንት አለ። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት አሥራ አራቱም ቅርንጫፍ በደንቡ ብቻ ይሠራል። ወረቀትሽ ላይ ያለው ሥራ አራት ነው፤ ማዋስ፣ መቀበል፣ መደርደር፣ መጽሐፍ ላይ የተሞነጫጨረውን ማጥፋት። ከዚያ ውጪ ጣትሽን እንዳታነሺ! ሕዝቡ ምን ሊያጣ እንደሆነ በዓይኑ ይየው።»

«ማጥፋትም አለበት እንዴ?» አለች አትራክታ።

«አንቀጽ ሰባት። ምነው?»

«ምንም።» ጆሮዋ ግን ቀላ።

«አንዳችን ከጣስን ደግሞ ሁላችንም አለቀልን። ‹ያው ትሠሩት የለም እንዴ፣ ምን ትጮኻላችሁ› ይሉናል። ገባሽ?»

ገባት። ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያውን በሩ ላይ ለጠፈች፣ እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

ፓኪ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ማስታወቂያውን አላነበበም፤ ምክንያቱም መነጽሩ ላይ ውሻው ተቀምጦበታል። አንድ ፖስታ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«ከእንስሳት ጤና ቢሮ ነው። አንብቢልኝ።»

«አልችልም ፓኪ። የማኅበሩ ትእዛዝ ነው።»

ፓኪ አያት። «ታመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ጉሮሮሽን ነው?»

«ፓኪ፣ ጉሮሮዬ ደህና ነው! ትግል ላይ ነን!»

«እሺ» አለና ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቀጭ ቋ። ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ቀጭ ቋ። ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ የአትራክታ አንጀት አልቻለም። ደብዳቤውን ከፍታ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ለራሷ እንደምታነብ ሰው ግን ጮክ ብላ አነበበችው። ላሞቹ ሁሉ ከበሽታ ነጻ ናቸው ይላል ደብዳቤው።

«ማርያም ትባርክሽ» አለ ፓኪ።

«እኔ ምንም አላደረግሁም!» አለችው።

እሱ ሲወጣ ግን ህሊናዋ ወቀሳት። አትራክታ ከልጅነቷ ጀምሮ ለቄስ ስትናዘዝ የኖረች ሴት ናት፤ ጥፋት ሠርታ ዝም ማለት አታውቅበትም። ከመሳቢያዋ ሰማያዊ ደብተር አወጣችና «ሰኞ። ጥፋት አንድ» ብላ ጻፈች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደብተሩን ለደርቭላ ሰጥታ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ተወካይነቷን ትለቃለች። አበቃ። ከወሰነች በኋላ ቀለላት፤ ቀለላት ማለት በማግስቱ ሌላ ጥፋት ለመሥራት ተመቻት ማለት ነው።

ማክሰኞ ሚስስ ጊልሬን መጡ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ዶሮ ያረባሉ፣ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ የማላኪ ጊልሬን እናት ናቸው። በትልልቅ ፊደል የታተመ ወፍራም የፍቅር ታሪክ አንስተው አገላበጡ።

«አትራክታ ልጄ፣ ይህን አንብቤዋለሁ?»

በዚያ አገር ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር መጽሐፉ እንደተመለሰ ማን እንደወሰደው ይረሳል። ሽማግሌዎቹ ግን ዘዴ አላቸው። አንብበው ሲጨርሱ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ ታች ጥጉ ላይ፣ በእርሳስ ምልክታቸውን ይሥላሉ። የፓኪ ምልክት የግጦሽ በር ነው። አንዱ ዓሣ አለው፣ አንዷ ጃንጥላ። ዓይናቸው ደከም ሲል ምልክቱን የምታይላቸው አትራክታ ናት። የሁሉንም ምልክት ታውቃለች፣ የሞቱትን ሳይቀር። የሚስስ ጊልሬን ምልክት ዶሮ ነው፤ ሌላ ሰው ዶሮ ቢሥል እንዳይምታታ ደግሞ ኮፍያ አድርገውላታል።

አትራክታ ገጽ ሠላሳ አንድን ከፈተች። ዶሮዋ ኮፍያዋን ደፍታ አፈጠጠችባት።

«አንብበውታል ሚስስ ጊልሬን።»

«ተጋቡ?»

«ተጋቡ።»

«እንግዲያስ ይበቃኛል። ሌላ ስጪኝ።»

ሌላ ሰጠቻቸው። ስልካቸውንም አወጡ፤ ልጃቸው የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ልኮላቸው መክፈት አቅቷቸዋል። ከፈተችላቸው። ሦስት ጊዜ አዩት።

«ማላኪ ፎቶ መላክ ያውቃል» አሉ ሚስስ ጊልሬን፣ «እግሩ ግን መንገዱን ረስቶታል።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ አትራክታ መጽሐፉን እንደያዘች ቆመች። ይህን ጊዜ ነው ላብ ላብ ያላት። አንቀጽ ሰባት! በደንቡ ብቻ ሥሪ ከተባለች እኮ ይችን ዶሮ ማጥፋት አለባት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳላየች ያለፈችውን አሁን፣ በትግሉ ሳምንት፣ በማኅበሩ ትእዛዝ! ላጲሱን አነሳች። ዶሮዋን አየቻት፣ ዶሮዋም አየቻት። ላጲሱን መልሳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ደብተሩን አወጣች።

ሁለተኛው ሳምንት ሊያልቅ ተቃረበ። ጥፋቱ ስልሳ አንድ ደረሰ። ሐሙስ ዕለት ደርቭላ የቅርንጫፎቹን ሪፖርት ልትሰበስብ መጣች። ከሌሎቹ አሥራ ሦስት ቅርንጫፎች አንዳንድ ገጽ ይዛለች፤ ሁሉም «ደንቡ ተከብሯል» ይላል። አትራክታ ሰማያዊውን ደብተር ሰጠቻት።

«ይህን መኪናሽ ውስጥ ሆነሽ አንብቢው። ስታነቢ ፊትሽን ማየት አልፈልግም። የመልቀቂያ ደብዳቤዬ መጨረሻው ላይ አለ።»

በመስኮት አየች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀይዋ መኪና መንቀጥቀጥ ጀመረች። ‹አለቀሰች› አለች አትራክታ በልቧ። ‹ሴትዮዋን አስለቀስኳት።› የመኪናው በር ተከፈተ፤ ደርቭላ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በሳቅ ልትሞት ደርሳ ወጣች።

«ካልሲ አደረቅሽ?!»

«አውቶቡስ ያመለጣቸው ሴቶች እኮ ናቸው። በስብሰው ነበር።»

«ስሚ፣ ሁሉም ጥሰዋል! ትናንት ሳላሳውቅ አንዱ ቅርንጫፍ ስገባ ሠራተኛዋ የሰው ኮት ቁልፍ እየሰፋች አገኘኋት። ‹ደንቡ ተከብሯል› ብላ የፈረመችው በዚያው መርፌ በያዘ እጇ ነው! እውነቱን የጻፍሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ይህን ሰኞ ምክር ቤቱ ፊት አነበዋለሁ።»

«በጭራሽ!» አትራክታ ደብተሩን ነጠቀቻት። «የሰው ገመና ነው። ስማቸው አለበት።»

ተከራከሩ። ሻይ ተፈላ፣ እንደገና ተከራከሩ። በመጨረሻ አትራክታ ስሞቹን ሁሉ አጥፍታ በምትካቸው ምልክታቸውን ልትጽፍ፣ ባለቤቶቹንም አንድ በአንድ ልታስፈቅድ ተስማሙ። ፓኪ «የኔን ደህና አድርጋ ታንብበው» አለ። ሚስስ ጊልሬን ደግሞ በስልክ «ኮፍያዋን እንዳትረሺ!» ብለው ዘጉት።

ሰኞ የምክር ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ። የዘመናዊነት ክፍል ኃላፊው ሰሌዳ ላይ ከተዘረጋው ግራፍ አጭሩን ዘንግ አሳዩ። «በድረምካራ በሰዓት በአማካይ አራት መጽሐፍ ይዋሳል። ለአራት መጽሐፍ አንድ ሙሉ ሰው ያስፈልጋል ወይ?» አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። አትራክታ ሕዝቡ በተቀመጠበት በኩል፣ በፓኪና በሚስስ ጊልሬን መሐል ተቀምጣለች።

ደርቭላ ተነሳች። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ከአባሎቻችን አንዷ የማኅበሩን ደንብ ስልሳ አንድ ጊዜ ጥሳለች። ላጋልጣት ነው የመጣሁት።» አትራክታ ወንበሯ ውስጥ ሰመጠች። ደርቭላ በዚያ በአውቶቡስ ድምጿ ማንበብ ጀመረች።

«ሰኞ። የበሩ ባለቤት መነጽር ላይ ውሻ ተቀመጠበት። ደብዳቤውን አነበብኩለት። ጥፋት። ረቡዕ። የዓሣው ባለቤት በወንድሙ ቀብር ላይ ምን እንደሚናገር አጣ። እሱ እያወራልኝ እኔ ጻፍኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። መጽሐፍ አልተዋሰም። ከባድ ጥፋት። ዓርብ። ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች ዝናብ መታቸው። ካልሲያቸውን ማሞቂያው ላይ አደረቅሁ። ጥፋት፣ በአራት ካልሲ።»

ሳቁ ከኋላ ጀመረ፣ ወደ ፊት ተዛመተ። ደርቭላ ወደ መጀመሪያው ሳምንት ገጽ ተመለሰች።

«ማክሰኞ። የዶሮዋ ባለቤት የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ስልካቸው ላይ መክፈት አቃታቸው። ከፈትኩላቸው። ሦስት ጊዜ አየነው። ጥርሷ የአባቷን ይመስላል አሉ። ጥፋት፣ በሦስት።»

ሰብሳቢው ማላኪ ጊልሬን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይቅርታ» አለ ቀስ ብሎ። «ዶሮዋ ምን ዓይነት ናት?»

«ኮፍያ ያደረገች ዶሮ ናት፣ ክቡር ሰብሳቢ።»

ማላኪ ያችን ዶሮ ያውቃታል። ስምንት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ምሳው በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ተሥላለት ሄዳለች። ፊቱ እስከ አንገቱ ቀላ።

«እኔ ነኝ ማላኪ!» አሉ ሚስስ ጊልሬን ከኋላ። «ዝም ብለህ ስማ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ፓኪ በሕይወቱ አንዴ እንኳ በሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም፤ ቆቡን አውልቆ ተነሳ። «በሩ የኔ ነው» አለና ተቀመጠ። «ዓሣው እኔ ነኝ» አለ ሌላ። «ጃንጥላዋ እኔ!» «ካልሲው የኛ ነው!» አሉ ሁለት ሴቶች።

የዘመናዊነት ኃላፊው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ቆይ፣ ቆይ! እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ላይ ይጽፋሉ ማለት ነው? በአንቀጽ ሰባት መጥፋት አለበት እኮ!»

«እሱንም ደርሼበታለሁ» አለች ደርቭላ፣ ገጹን ገልጣ። «ጥፋት ስልሳ አንድ። ላጲሱን ዛሬም አነሳሁ። ዛሬም አላጠፋሁም። ለወደፊቱም አላጠፋም።»

በአሥራ ሁለት ለአምስት ድምፅ ተወሰነ። ማሽኑ ለማለዳና ለማታ ይግባ፤ በአሥራ አራቱም ቅርንጫፎች ግን ሠራተኛ ካለበት ሰዓት አንዲት ደቂቃ እንዳትነካ። ማላኪ እጁን ቀድሞ አወጣ፤ ስብሰባው እንዳለቀም እናቱን ራሱ ቤታቸው አደረሳቸው። ሻይ ጠጥቶ፣ ሁለት ቁራሽ ዳቦ በልቶ፣ አሥር እንቁላል ተሸክሞ እንደወጣ በማግስቱ መላው ድረምካራ ሰምቷል።

የመልቀቂያ ደብዳቤውን ደርቭላ የመኪናዋ መስኮት መጥረጊያ አደረገችው።

በሳምንቱ ከምክር ቤቱ አንድ እሽግ መጣ። ውስጡ አጭር ደብዳቤ አለ፤ ሠራተኞች አንቀጽ ሰባትን እንዲያስታውሱ ይላል። ከደብዳቤው ጋር አዲስ፣ ትልቅ፣ ነጭ ላጲስ አለ። ለየቅርንጫፉ አንድ አንድ ተልኳል።

አትራክታ ላጲሱን በእጇ መዘነችው። ደህና ወፍራም ነው። ተነስታ ሄደች።

«እስቲ ተነስ» አለችው ፓኪን።

ተነሳ። ጎንበስ ብላ ላጲሱን ባጠረው የወንበሩ እግር ሥር አስገባችው።

«ተቀመጥ።»

ፓኪ ተቀመጠ። ወደ ግራ ተወዘወዘ፣ ወደ ቀኝ ተወዘወዘ። ድምፅ የለም። በጣም ተገረመ።

«ይህ ደንቡ ላይ አለ?» አላት።

«የለም» አለች አትራክታ፣ ሰማያዊውን ደብተር ከመሳቢያው እያወጣች። «ስልሳ ሁለት።»